የአፍንጫው ደንብ

ጃማዕ እንግሊዝኛ የማያውቅ ሰው አይንቁም። የሚንቁት አውቃለሁ የሚለውን ነው፤ ድሬዳዋ ውስጥ ደግሞ፣ በእሳቸው ግምት፣ አውቃለሁ የማይል የለም። የባጃጅ ጀርባ ላይ የተጻፈውን፣ የሆቴል በር ላይ የተለጠፈውን፣ የጭማቂ ቤቱን ዝርዝር ሳይቀር ቆመው ያነባሉ። ከዚያ በአፍንጫቸው «እህ!» ብለው ያልፋሉ። ያቺን «እህ» ከከዚራ እስከ መጋላ የማያውቃት የለም። መጀመሪያ ገጠሩ ዋሂል፣ ኋላም ከተማው ውስጥ፣ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ተማሪ ስታስበረግግ የኖረች «እህ» ናት። ሰው «ማዓሊን» ይላቸዋል፤ በሶማሊኛ መምህር ማለት ነው። እሳቸው ጡረታ ወጡ እንጂ ስሙ አልወጣም።

ያስተማሩት ቴንስ ነበር። የዚያን ዘመን መጽሐፍ ጀርባው በክር የተሰፋ፣ ወረቀቱ የብስኩት ሽታ ያለው፣ በየገጹ ሚስተር ሂል የሚባል ባርኔጣ የደፋ ሰው የሚመላለስበት ነበር። ሚስተር ሂል ጃንጥላውን ይረሳል፤ ረሳ፤ ረስቷል፤ ረስቶ ነበር። ማዓሊን ጥቁር ሰሌዳውን በአሥራ ሁለት ሣጥን ከፍለው በየሣጥኑ አንድ አንድ ጃንጥላ ያስቀምጣሉ። ከዚያ ይጠይቃሉ። ደንቡም የታወቀ ነው፤ ያወቀ ተማሪ ተነሥቶ ያላወቁትን አፍንጫ በተራ ይጎትታል። ዱላ የለ፣ ስድብ የለ። ዛሬ ላይ ሆኖ ለሚያስታውሰው ያ ክፍል ሳቅም ነበረበት፤ ለአፍንጫው ባለቤት ግን ሳቁ ቶሎ አልታየውም።

ባለፈው ሰኔ አንድ ቀን፣ ድሬ ሱቋን ዘግታ በምታርፍበት የቀትር ሰዓት፣ ማዓሊን በሽርጥ ሆነው በረንዳቸው ላይ ጋደም እንዳሉ አንድ ጥቁር መነጽር ያደረገ ጎልማሳ ፓፓያ ይዞ ገባ።

«አሰላሙ ዓለይኩም፣ ቲቸር! አላወቁኝም?»

«ወዓለይኩም ሰላም። ስምህ ጠፍቶኛል። አፍንጫህን ግን አውቀዋለሁ።»

አዩብ ነበር፤ ኢዲል የምትባል ጎበዝ ልጅ በአንድ ቀን አሥራ አንድ አፍንጫ ስትጎትት የመጨረሻው ተረኛ የነበረው አዩብ። አሁን ታይዋን ገበያ ውስጥ፣ ከስልክ መሸጫ ፎቅ ላይ፣ የቋንቋ ማዕከል ከፍቷል። በሩ ላይ «እንግሊዝኛ በሠላሳ ቀን፣ ያለ ግራመር!» የሚል ጽሑፍ እንዳለ ማዓሊን ያውቃሉ። በዚያ ባለፉ ቁጥር «እህ» ብለውበታል።

«ሰኞ ከትምህርት ቢሮ ለፈቃድ ሊያዩኝ ይመጣሉ» አለ አዩብ። «የመምህር ዲፕሎማ ግድግዳ ላይ ይፈልጋሉ። የእርስዎን ቢያውሱኝ ብዬ ነው፤ በየወሩም የሚገባዎትን አደርጋለሁ። ወረቀቱን ብቻ። እርስዎ መልፋት የለብዎትም።»

«ወረቀቴ ብቻውን ሥራ ሊገባ?» ማዓሊን ብድግ አሉ። «እኔ ቤቴ ተኝቼ ስሜ ግድግዳህ ላይ ቆሞ እየዋሸ ሊውል?»

«ስጠው አቦ!» አሉ ባለቤታቸው ደሄቦ ከውስጥ። «ጡረታ ከወጣህ ወዲህ የምታርመው እኔን ነው። ወረቀቱ እንኳ ይውጣና እፎይ ልበል።»

ማዓሊን ጥቂት አሰቡ። ሠላሳ አራት ዓመት ለፍተው ያተረፉት ነገር ቢኖር ስማቸው ነው፤ ሰው «የጃማዕ ተማሪ ነኝ» ብሎ የሚኮራበት ስም። ያን ስም እዚያ በር ሥር ከመስቀል ዲፕሎማውን ለፍየል ቢያበሉት ይመርጣሉ።

«ነገ መጥቼ ክፍልህን አያለሁ» አሉ። ሐሳባቸው ግን እምቢታውን በተማሪዎቹ ፊት ሊሰጡት ነበር።

በማግስቱ ደረጃውን ወጡ። ቬንትሌተሩ ሙቀቱን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ያመላልሳል። ሱቃቸውን ገርበብ አድርገው የመጡ አሥራ አምስት የሚሆኑ ነጋዴዎች አዩብ ያለውን እየተከተሉ ይጮኻሉ። ማዓሊን ከኋላ ተቀመጡ። መሐል ላይ ዋይስ የሚባል፣ ሃምሳውን የተሻገረ ቻርጀር ሻጭ እጁን አወጣ።

«አዩብ፣ እኔ ቻይና ላለው ሰውዬ በስልክ እጽፍለታለሁ። ዕቃዬ ተልኳል ወይስ ገና ይላካል ብዬ መጠየቅ አቃተኝ። እንዴት ነው የሚባለው?»

«አንተ ሴንድ፣ ሴንድ በለው። ይገባዋል።»

«ወላሂ ብዬዋለሁ! ሌላ ካርቶን ላከብኝ።»

ክፍሉ ሳቀ። ከኋላ «እህ!» የሚል ድምፅ መጣ፤ ሳቁም ጸጥ አለ። ማዓሊን ተነሥተው ማርከሩን ከአዩብ እጅ ወሰዱ። ሰሌዳውን አሥራ ሁለት ቦታ ከፈሉ። ስለ ፕሬዘንት ፐርፌክት፣ ስለ ሚስተር ሂልና ስለ ረሳው ጃንጥላ በዚያ በሚያምር ድምፃቸው አስረዱ። ሲጨርሱ ዞር ብለው፣ «እሺ፣ ማን ገባው?» አሉ።

ማንም።

«ማዓሊን፣ ይቅርታ ይደረግልኝና» አለ ዋይስ፣ «ሰውዬው ጃንጥላ ምን ያደርግለታል? ድሬ አይደለም እንዴ ያለው?»

ክፍሉ ወደ ማዓሊን ዞረ። አዩብ ብቻ ቀስ ብሎ፣ «ያኔም እንደዚሁ ነበር፣ ቲቸር» አለ። «ጃንጥላውን ሳይገባኝ ነው አፍንጫዬ የተጎተተው። ቴንስ ሲባል እስከ ዛሬ ያመኛል። በሩ ላይ ‹ያለ ግራመር› ብዬ የጻፍኩትም ለዚህ ነው።»

ማዓሊን ጃንጥላውን እንደገና ሊያስረዱ ማርከሩን አነሡ። በዚህ መሐል ከታች ከመንገዱ፣ የአወዳይ ጫት መኪና በሚደርስበት በዚያ ሰዓት፣ «መጥቷል! መጥቷል!» የሚል ጩኸት ተሰማ። ግማሹ ክፍል ከወንበሩ ከፍ አለ። ዋይስም ከፍ አለና እዚያው አየር ላይ ቀረ።

«ቆይ፣ ቆይ፣ ማዓሊን! ይሄ ነው እንዴ? ጫት መጣ ካሉኝ ጠዋትም ይሆናል፣ ትናንትም ይሆናል፤ አልቆም ይሆናል። መጥቷል ካሉኝ ግን አሁን እዚያ አለ፣ ተነሥ ሩጥ ማለት ነው። የእኔ ዕቃም እንደዚያው ነው፤ ተልኮ አሁን መንገድ ላይ አለ ወይ ነው ጥያቄዬ!»

ማዓሊን ወደ ሰሌዳው ዞሩ። «መጥቷል» እሳቸው ራሳቸው ልጅ ሆነው በአማርኛ ሰዋስው መጽሐፍ «የቅርብ ኃላፊ» ብለው የተማሩት ነገር ነው። ፕሬዘንት ፐርፌክትን የዚህ የቅርብ ዘመድ አድርገው ሊያስተዋውቁት ሲችሉ፣ ሠላሳ አራት ዓመት የሕፃናቱ አፍ ውስጥ የነበረውን ትተው ጃንጥላ ሲያከፋፍሉ ኖሩ! «እህ!» አሉ። ይህችኛዋ ግን ማንንም ሳትነካ ተመልሳ እሳቸው ላይ አረፈች።

«ማነው ያወቀው?» አሉ በመምህር ድምፃቸው።

«ዋይስ!» አለ ክፍሉ።

«እኔ አላወቅሁም። ደንብ ደንብ ነው።» መነጽራቸውን አወለቁና ፊታቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አዑዙ ቢላህ! የማዓሊንን አፍንጫ? እጄ ይድረቅ!»

«ያዝ ብያለሁ!»

ዋይስ ከዘይት አሁን የወጣ ሳምቡሳ እንደሚነካ ሰው በሁለት ጣቱ ነካ አድርጎ ተወው።

«አሁን የእሱን» አሉ ማዓሊን ወደ አዩብ እየጠቆሙ።

«ቲቸር፣ እኔ እኮ ዳይሬክተር ነኝ!»

«ዳይሬክተርም አፍንጫ አለው።»

ሰኞ ጠዋት ማዓሊን ዲፕሎማውን በጋዜጣ ጠቅልለው መጡ። በሩ ላይ «ያለ ግራመር» የሚለውን በያዙት ጥቁር ቀለም እስኪያጠፉ አዩብ ደረጃው ላይ ቆሞ ጠበቀ። 

«ይስጡኝ ልስቀለው፣ ቲቸር። ሊደርሱ ነው።»

«መጀመሪያ ወንበር አምጣ።»

አመጣ። ወረቀቱ ተሰቀለ። ማዓሊን ወንበሩን ስበው ልክ ከሥሩ ተቀመጡ፤ ሽርጥ ሳይሆን የድሮውን ኮት ነው የለበሱት።

«እኔ እዚህ ካለሁ ይሰቀላል» አሉ። «እኔ ስነሣ እሱም ይወርዳል። ገባህ?»

አዩብ «ገብቶኛል» አለ፤ እጁም ሳያውቀው ወደ አፍንጫው ሄደ።