የሐዲድ ተመልካቹ ሺህ እርምጃ

ከከተማ ወጣ ባለው የባቡር ሰፈር ቤት የሚፈለገው በኪሎ ሜትር ድንጋይ ነው። «ከአሥራ አንደኛው ድንጋይ ሁለት መቶ ሜትር አለፍ ብለህ ጠይቅ» ይባላል። ሰፈሩ ሐዲዱን ተከትሎ የተወለደ ነው፤ መጀመሪያ የሠራተኛ ድንኳን፣ ቀጥሎ የቆርቆሮ ቤት፣ ከዚያ ልጅ፣ የልጅ ልጅ። ሐዲዱ ቀጥ ብሎ ያልፋል። ዋናው መንገድ ግን ከአሥራ አንደኛው ድንጋይ ተነሥቶ፣ በሜዳ መሐል ያለ ምክንያት እንደ ቀስት ጎብጦ፣ አሥራ ሁለተኛው ድንጋይ ዘንድ ይመለሳል። ለምን ጎበጠ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ሰው አፍንጫውን ለምን እንዲህ ሆንክ አይለውም።

ጡረተኛው የሐዲድ ተመልካች በዚያ መስመር ሠላሳ ስምንት ዓመት በእግራቸው ተመላልሰዋል፤ መዶሻቸውን ይዘው፣ ሐዲዱን እየመቱ ድምፁን እያዳመጡ፣ የላላውን ብሎን እያጠበቁ። የሚረግጡት ሐዲዱን የተሸከሙትን አግዳሚ እንጨቶች ነበር። ከአግዳሚ እስከ አግዳሚ ስልሳ ሳንቲ ሜትር ነው፤ እግራቸውም ሌላ እርምጃ አላወቀም። ጡረታ ወጥተው እንኳ ገበያ ሲሄዱ እንደዚያው ናቸው። ታላቅ እህታቸው ልብስ ሰፊዋ «የኔ ወንድም ሞትም ቢመጣበት በልክ ነው የሚሸሸው» እያሉ ይስቁባቸው ነበር።

ያን ሰሞን ሳቁ ጠፋ። ዝናብ በመጣ ቁጥር በሐዲዱና በጎባጣው መንገድ መካከል ያለው ዝቅታ ውሃ እየሞላ ባቡር ስላስቆመ፣ የተቀበረውን የጥንት የውሃ ማሳለፊያ ፈልጋ እንድታስከፍት አንዲት ወጣት መሐንዲስ ተላከች። አሮጌው ካርታ «ከአሥራ አንደኛው ድንጋይ ስድስት መቶ ሜትር» ይላል። ሐዲዱን ተከትላ ብትለካ ልኩ ከሐዲዱ ጥግ ያለው የልብስ ሰፊዋ ቤት ላይ አረፈ። ግድግዳው ላይ ቀይ ኤክስ ተቀባ። ቤቱ በሦስት ቀን ይፈርሳል።

ሽማግሌው ከኤክሱ ፊት ለረጅም ጊዜ ቆሙ። በሆዳቸው የቀበሩት አንድ ነገር ነበር። ኪሎ ሜትር ከሺህ ስድስት መቶ በላይ አግዳሚ አለው። በሁለቱ ድንጋዮች መካከል ግን ቆጠራቸው ሁልጊዜ ሺህ አራት መቶ ላይ ያልቃል። ያልተማርኩ ሰው ነኝ፣ ቁጥር ተምታቶብኝ ነው ብለው ለማንም ሳይናገሩ ጡረታ ወጡ።

«እትዬ፣ ልጅ ሆነሽ ባቡሩ በፊት ለፊት በር በኩል ነበር የሚያልፈው ትዪ አልነበር?»

«እል ነበር። አንተም ሕልም አይተሻል ብለህ አፌን አስያዝከኝ።»

ሽማግሌው ዞር ብለው ከበሩ ፊት የሚያልፈውን ጎባጣ መንገድ አዩት። ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያውቁት መንገድ ያን ጊዜ ገና የተፈጠረ መሰላቸው።

መሐንዲሷ ዘንድ ሄዱ። «ልጄ፣ ካርታውም ድንጋዮቹም አልዋሹም። ባቡሩ ነው አቋራጭ የያዘው። ድሮ በዚህ በጎባጣው መንገድ ነበር የሚዞረው፤ የተለካውም በዚሁ ነው።»

«አባባ፣ ማስረጃ አለዎት?»

«እግሬ አለ።»

«እሱን ደብዳቤ ላይ እንዴት ላስፍረው?» አለች እየሳቀች። ሆኖም ተከተለቻቸው።

ከአሥራ አንደኛው ድንጋይ ተነሥተው ጎባጣውን መንገድ ያዙ። ሰፈሩ በየደጁ ወጣ። የሚያሾፍ ነበር፤ ሽማግሌው አንገታቸውን ቀና አድርገው እየቆጠሩ ረገጡ። ስድስት መቶ ሜትር በእሳቸው እግር ሺህ እርምጃ ነው፤ ሺህኛው ከሰፈሩ ጫማ ጠጋኝ ሱቅ ፊት ለፊት አረፈ። መሐንዲሷ በሜትሯ አጣራች፤ ስድስት መቶ ሜትር ከአርባ ሳንቲ ሜትር።

ቁፋሮው ተጀምሮ ግማሽ ቀን ሳይሞላ ዶማ ድንጋይ ነካ። አፈሩ ሲጠረግ የቅስት ግንብ ወጣ። በእጅ የተጠረቡት ድንጋዮች ተቃቅፈው ቆመዋል፤ በመካከላቸው የጣት ጥፍር አይገባም። አንዲቱም አልተናደችም። ሰው ሁሉ ጎንበስ አለ፤ ከታች፣ በደለል ከታፈነው አፍ፣ ቀጭን የውሃ ድምፅ ተሰማ። ስንት ዓመት ሙሉ ሰፈሩ በላዩ እየተመላለሰ፣ ማንም ሳያየው፣ የቻለውን ያህል ውሃ ሲያሳልፍ ኖሯል።

መሐንዲሷ የራስ ቁሯን አወለቀች። ሽማግሌው በጉልበታቸው ወርደው መዳፋቸውን ድንጋዩ ላይ አሳረፉ። ቀዝቃዛና እርጥብ ነበር። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ አጠገባቸው የነበረው ጫማ ጠጋኝ እንደሚለው፣ «ቆጠራዬ ልክ ነበር» ነው ያሉት።

ልብስ ሰፊዋ ጉድጓዱን አየት አድርገው ወደ መሐንዲሷ ዞሩ።

«በይ የኔ ልጅ፣ ኤክሱን ማን ያጥብልኝ?»