ለበርሜሌ ነፍሳት ፍለጋ ጎሮ ድረስ

ሐሙስ ጠዋት ባዶ ባልዲ ይዤ ከገርጂ ወደ ጎሮ ተነሣሁ። የምሄደው ጥንዚዛ ልለምን ነው።

በኮንዶሚኒየማችን ደረጃ ሥር የወጥ ቤት ትርፍራፊ የማበሰብስበት በርሜል አለኝ። የድንች ልጣጩንና የጎመን ግንዱን አፈር የሚያደርጉት ነፍሳቱ ናቸው፤ ሲነኳቸው እንደ ኳስ የሚጠቀለሉ ግራጫ ባለብዙ እግሮች፣ የጤፍ ፍሬ የማያክሉ ነጫጭ ዘላዮች፣ የዝንብ እንቁላልና ትል እያደኑ የሚበሉ ጥቋቁር ጥንዚዛዎች። የነዋሪዎች ኮሚቴ ሊቀ መንበሩ ጋሽ ታምራት ክዳኑን ከፍተው ሲያዩአቸው ደነገጡ፤ እንደ በረሮ ፍሊት ነፉባቸው። ሁሉም አለቁ። ዝንቡ ግን ብዙም ሳይቆይ ተመለሰ፤ አሁን የሚያድነው የለም። ጋሽ ታምራትም «እሁድ ስብሰባ ላይ ዝንብ ካየሁ በርሜሉ ከግቢው ይወጣል» አሉ።

የተነፋበትን አውጥቼ በርሜሉን አጠብኩና ጉዞ ጀመርኩ።

ጎሮ

ከጃክሮስ በኋላ መንገዱ ተቆፍሮ ስለነበር አቧራው በታክሲው መስኮት ይገባል። ጎሮ ወርጄ በኮብልስቶኑ ወደ እትዬ ዘይነባ ቤት ገባሁ። ባለፈው ክረምት ከበርሜሌ አንድ ባልዲ ሰጥቻቸው፣ እንሰታቸው ሥር የራሳቸውን ክምር ሠርተዋል።

«ምነው ፊትህ ጠቆረ?»

«አለቁብኝ፣ እትዬ። ፍሊት ነፉባቸው።»

ሳቃቸው ለቀቃቸው። «እርሾ ሊለምን የመጣ ወንድ ዛሬ አየሁ! ግባ። ጎረቤት እርሾ ተበላሸብኝ ብላ ስትመጣ ይነፈጋታል እንዴ? ይሄ ደግሞ ያንተው ነው።»

ክምሩ ሲገለጥ ዝናብ የነካው መሬት ሸተተኝ። መሃሉ ስለሚሞቅ ነፍሳቱ አይወዱትም፤ ከዳርና ከሥሩ ለቀምኳቸው። እትዬ ዘይነባ የባልዲውን አፍ በእርጥብ ጆንያ ሸፈኑልኝ።

መልስ

«ምን ጭነህ ነው?» አለ የታክሲው ረዳት።

«አፈር ነው።»

አንድ ግራጫ ከጆንያው ሥር ወጥቶ የባልዲውን ጠርዝ ያዘ።

«የጎሮ አፈር በእግሩ ይሄዳል እንዴ?» ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። አጠገቤ የነበሩት እናት ቀሚሳቸውን ሰበሰቡ። «በል በፌስታል እሰረው፣ ወይ ውረድ።»

«ይታፈናሉ።»

«እነማን?»

ወረድኩ። በፀሐይ፣ ባልዲውን ከእጅ ወደ እጅ እያቀያየርኩ፣ በጃክሮስ አድርጌ ገርጂ ድረስ በእግሬ መጣሁ።

ቤት

ጋሽ ታምራት በሩ ላይ ቆመዋል። «ደግሞ ትል አመጣህ?»

«አመጣሁ፣ ጋሽ ታምራት። የዝንቡን ትል የሚበላውንም ጭምር።»

«እሁድ እደፋዋለሁ!»

«ሰው ሁሉ እያየ ይድፉት።»

መንገድ ላይ ያሰብኩት ይህንን ነበር። እትዬ ዘይነባ ክምራቸውን ግቢያቸው መሃል አድርገውታል፤ የመጣ ሁሉ ያየዋል፣ ማንም አይደነግጥም። እኔ ግን ደረጃ ሥር፣ በክዳን ሸፍኜ ነበር የማኖራቸው። የተደበቀ ነገር ድንገት ሲከፈት ማንንም ያስደነግጣል።

እስከ እሁድ ዝንቡ ሁሉ ያልቃል ብዬ ቃል አልገባም። ጥንዚዛም ጊዜ ይፈልጋል። ቢሆንም በርሜሉን እየጎተትኩ ከደረጃው ሥር አወጣሁት። ባልዲውን ገለበጥኩበት፤ ከላይ ደረቅ ቅጠል አለበስኩት። ክዳኑን ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ጣልኩ።

በርሜሉ አሁን ግቢው መሃል፣ ከዛፉ ጥላ ሥር ነው። የእሁድ ስብሰባ ወንበር የሚደረደረውም እዚያው ነው።