የመጨረሻው ብልቃጥ

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ስቶክሆልም ውስጥ ለአንድ የአማርኛ የሰፈር ሬዲዮ እዘግብ ነበር። አንድ ሐሙስ ከሃግሴትራ በቱነልባናው፣ በምድር ውስጥ ባቡሩ፣ ተሳፍሬ፣ አንዲት ኢትዮጵያዊት የዶክትሬት ተማሪ ወደምትሠራበት ቤተ ሙከራ ሄድኩ።

ነገሩን በስልክ አስረድታኛለች። ፕሮቲን እንደ ክር ረጅም ነው፤ ሥራውን የሚሠራው ግን የራሱን ቅርጽ ይዞ ሲታጠፍ ብቻ ነው። የእሷ እርስ በርሱ ተጣብቆ አስቸገራት። ዩሪያ በሚባል ኬሚካል ፈታችው። አሁን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ጠብ ጠብ እያደረገች በትክክል እንዲታጠፍ ትጠብቃለች። ከቸኮለች ተመልሶ ይጣበቃል። ከፕሮቲኑ የቀራት ሁለት ብልቃጥ ነበር። እስከ ዓርብ ካልተሳካላት የጥናት ቦታዋ አይታደስም።

ቀጠሯችን ከረፋዱ አራት ሰዓት ነው። እንደ ልማዴ አሥር ደቂቃ ቀድሜ ደረስኩና የምትሠራበትን ቀዝቃዛ ክፍል በር ከፈትኩ። ካፖርት ደርባ፣ ብርጭቆ ላይ አጎንብሳ ታንጠባጥባለች።

«ኖር!» ብላ ብድግ አለች።

«በእግዜር! ኧረ ተቀመጪ!»

ማንጠባጠቢያው እጇ ውስጥ ተጨምቆ የያዘውን ሁሉ በአንዴ ለቀቀው። ሁለታችንም ብርጭቆውን አየን። ፕሮቲኑ ተመልሶ ተጣብቆ ውሃው ወተት መሰለ።

ይቅርታ ልጠይቅ ስል ቀደመችኝ። «ጥፋቱ የእናቴ ነው፣ ጋሼ። ትልቅ ሰው ሲገባ ካልተነሳሽ እያለች በቁንጥጫ ነው ያሳደገችኝ።» አልሳቀችም። «አንድ ቀርቶኛል። ይቀመጡና ምንም አይናገሩ።»

የተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀመጥኩ። ቴፑን አልከፈትኩም። ከአንድ ሰዓት በኋላ በብርዱ ጣቶቼ እስክሪብቶውን መያዝ አቃታቸው፤ የእሷ ግን አልተንቀጠቀጡም።

ድንገት በሩ ተከፈተ። ሽበታሙ ስዊድናዊ አማካሪዋ ነበሩ። ትከሻዋ ከፍ ሲል አየሁ።

«አትነሺ!» አልኳት በአማርኛ።

ከወንበሯ አልተንቀሳቀሰችም። ቆሜ የተገኘሁት እኔ ነበርኩ። ሰውዬው አንዴ እኔን፣ አንዴ ብርጭቆውን አይተው ቀስ ብለው በሩን ዘጉ።

የመጨረሻዋ ጠብታ የወረደችው ሰባት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ማስታወሻ ደብተሬን ተቀብላኝ ከብርጭቆው ጀርባ ያዘችው። ጽሑፌ በውሃው ውስጥ ይነበባል።

«ጠራ!» አልኩ።

«መጥራቱ ብቻ አይበቃም። ሥራውን መሥራት አለበት።»

ከዚያው ጥቂት ቀድታ ቀለም አልባ ፈሳሽ ላይ ጨመረች። ፕሮቲኑ ከሠራ ፈሳሹ ብጫ ይሆናል። መጀመሪያ ምንም አልታየም። ከዚያ ከታች በኩል ብጫው ቀስ እያለ መጣ።

ቀለሙንና ሰዓቱን መዘገብኩ። ቀና ስል ጠረጴዛውን ተደግፋ ልትነሳ ትታገላለች።

«አሁን እንኳ በወጉ ልነሳልዎት ነበር፣ ጋሼ» አለች፤ «እግሬ ደንዝዞ እምቢ አለኝ።»