የወልደ ሰንበት እጅ

ወልደ ሰንበት ክፍላችን የገባ ዕለት አዲስ መምህር የመጣልን መስሎን ሁላችንም ብድግ አልን። ዘመኑ ዐሥራ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ ትምህርት ቤቱ ሞጣ፣ እኔም ሁለተኛ ክፍል ነበርሁ። ጢሙ ያቀመቀመ፣ ጋቢ የደረበ ሰው በሩ ላይ ቆሞ እጅ ሲነሣን ከመነሣት ሌላ ምን እናደርጋለን? እሱ ግን አንገቱን ደፍቶ አለፈንና ከእኔ አጠገብ ተቀመጠ። ጉልበቱ ከጠረጴዛው ሥር አልገባ ብሎት ወደ ጎን ዞረ።

የቢቸና ዲያቆን ነው አሉ። እናቴ ሳብሪያ «ይህች ልጅ የሰው ጓዳ ካላየች እህል አይወርድላትም» ትለኝ ነበር፤ እውነቷን ነው። የሃያ ሦስት ዓመት ሰው፣ ያውም ቅዳሴ የሚቀድስ፣ ከልጆች ጋር ምን ሊሠራ እንደመጣ ሳላውቅ እንዴት ዝም እላለሁ?

በመጀመሪያው ሳምንት መምህራችን ገብረ ሕይወት የንባብ መጽሐፍ ሰጡት። እኔ ሦስት ቀን የታገልሁትን ገጽ ትንፋሽ ሳይወስድ ተወጣው። «እንዲያ ነው?» አልሁና መምህሩ ዘወር ሲሉ መጽሐፉን ገልብጬ ፊቱ አኖርሁለት። ተዘቅዝቆም አነበበው።

«ጋሼ ወልደ ሰንበት፣ ይህን ደግሞ ማን አስተማረህ?» አልሁት።

«በእኛ ቤት መጽሐፉ አንድ፣ ተማሪው ስምንት ነው» አለኝ። «የኔታ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፣ እኛ ዙሪያውን እንከባለን። የእኔ ቦታ በመጽሐፉ ራስጌ በኩል ነበር። እኔን የቸገረኝ እንዲያውም ሲቃና ነው።»

በማግስቱ መምህሩ ስማችሁን ጻፉ አሉ። ወልደ ሰንበት እርሳሱን እንደ ማረሻ ዕርፍ ጨበጠ። ግንባሩን አላበው። ከዚያ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ እርሳሱ ለሁለት ተሰብሯል። ወረቀቱ ላይ ከአንድ ጭረት በቀር ምንም የለም። ዳዊትን በቃሉ የሚወጣ ሰው ስሙን መጻፍ አይችልም።

በቤተ ክህነት ትምህርት ማንበብ አንድ ሙያ፣ መጻፍ ሌላ ሙያ መሆኑን ያን ጊዜ አላውቅም ነበር። እኛ ቁርኣን ቤት ያደግነው ከመጀመሪያው ቀን የእንጨት ሰሌዳ ይሰጠናል። በጥላሸት ቀለም እንጽፋለን፣ በቃላችን እንይዛለን፣ አጥበን እንደገና እንጽፋለን። ስለዚህ የእኔ እጅ ከአፌ ቀድሞ ተምሯል፤ ጽሕፈቴን ያየ ሁሉ ያደንቃል፣ ንባቤን የሰማ ይስቃል። ከወልደ ሰንበት ጋር ሁለታችን ተደምረን አንድ ደኅና ተማሪ ይወጣን ነበር።

መምህር ገብረ ሕይወት ጣና ዳር ያደጉ ናቸው። ክረምት በመጣ ቁጥር ወንዝ ሰው መውሰዱ ያበሳጫቸዋል። ስለዚህ ያን ዓመት ዋና እናስተምራለን አሉ። ደንባቸው አንድ ነው፤ ማንኛውም ነገር መጀመሪያ ይነበባል፣ ቀጥሎ ይጻፋል፣ በመጨረሻ ይሠራል። ስለ ዋና አሥር መስመር ሰሌዳ ላይ ጻፉ፤ አነበብን፣ ገለበጥን። ኅዳር አጋማሽ፣ ውሃው ሲጠራ፣ ከከተማው በታች ወዳለው ኩሬ ወረድን። ሴቶቹ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን የወንዶቹን ልብስ እንጠብቃለን። ይህ አሁንም ድረስ ይቆጨኛል።

ወልደ ሰንበት አሥሩን መስመር ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ በቃሉ አወረደው። መምህሩ ተገርመው «እንግዲህ ግባ» አሉት። አማተበና ገባ። አልዋኘም፣ ዝም ብሎ ተራመደ፤ መስመሮቹን ጮክ ብሎ እየደገመ። ሦስተኛው መስመር ላይ ሲደርስ ውሃው አፉን ሞላው። ከዚያ እጁን ብቻ አየን። ልጆቹ ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ። መምህሩ ከነልብሳቸው ዘለው ሲገቡ ነው ሳቃችን የጠፋ።

ጎትተው ካወጡት በኋላ በብርድ ሲንቀጠቀጥ ጋቢውን አለበስሁትና «አሥሩንም ታውቅ የለም እንዴ?» አልሁት። ጥያቄዬ ክፋት አልነበረውም፤ በእውነት ግራ ገብቶኝ ነው።

«በቃሌ የያዝሁት ነገር ከድቶኝ አያውቅም ነበር» አለ። ጋቢውን ሰብስቦ ደግሞ «ነገ ወደ ቢቸና እመለሳለሁ። እጄም ሰውነቴም ትምህርት አይገባቸውም» አለኝ።

ያን ጊዜ ነው የነገረኝ። ፋንታ የሚባል ታላቅ ወንድም ነበረው። ወደ ሸዋ እሄዳለሁ ብሎ ከየጁቤ በታች ዓባይን ሲሻገር ውሃ ወሰደው። ጓደኞቹ እናቱን ለማርዳት አንጀታቸው አልችል ብሎ፣ በስሙ «ደኅና ገብቻለሁ» እያሉ ሁለት ዓመት ደብዳቤ ላኩ። እናትየው ወለተ ገብርኤል ደብዳቤ በመጣ ቁጥር አስነብባ ትስማለች፣ ለጎረቤት ትደግሳለች። እውነቱ የወጣ ጊዜ እብድ ልትሆን ነበር። ወልደ ሰንበት ጽሕፈት ልማር ብሎ ወደ ሞጣ ሲነሣ በሩ ላይ ቆማ «እስከ ጥምቀት በገዛ እጅህ የጻፍኸው ካልደረሰኝ፣ አንተም ሞተሃል ብዬ ልቅሶ እቀመጣለሁ» አለችው። በሌላ ሰው እጅ የተጻፈ አላምንም፣ ሰው ቢነግረኝም አልሰማም አለች።

በማግስቱ እንዳይሄድብኝ ሰሌዳዬን ይዤ መጣሁ። እሱ ንባብ ያስተምረኛል፣ እኔ ጽሕፈት አሳየዋለሁ፤ ውላችን ይህ ነው። ሆኖም የመጻፊያ መቃውን አጥብቆ ከመጨበጡ የተነሣ ይሰነጥቀዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ከድንጋዩ ላይ ሆኜ መምህሩ ሲጮኹበት እሰማለሁ፤ «ውሃውን አትጨብጠው፣ ጣትህን ፍታ» ይሉታል። አንድ ሰኞ ሰሌዳው ላይ ጎንበስ እንዳለ እኔም «ጣትህን ፍታ» አልሁት። ቀና ብሎ አየኝ። ጣቱን ፈታ፤ የተንጋደደች «ወ» ወጣች። ደስታዬ ልክ አልነበረውም፣ እንዳጨበጨብሁ ትዝ ይለኛል።

የገና በዓል ሲደርስ ኩሬውን ከዳር እዳር ይዋኝ ነበር። ሲዋኝ ውሃው ሁሉ ይረጫል፣ ሲጽፍ ፊደሉ ሁሉ ይጋደማል፤ ነገር ግን ሁለቱንም ይሻገራል። ደብዳቤውን ሲጽፍ አንድ ሙሉ ቀን ፈጀበት። «ለእናቴ ለወለተ ገብርኤል። እንደምን ሰንብተሻል። እኔ ደኅና ነኝ። ውሃ ገብቼ ወጣሁ። ልጅሽ ወልደ ሰንበት።» ይኸው ነው።

አባቴ ይማም አቡጀዲ ጭኖ ቢቸና ሊሄድ ነበርና ደብዳቤውን እሱ እንዲያደርስ ተስማማን። በዋዜማው ወልደ ሰንበት ፊቱ ጠቁሮ መጣ። ለእናቱ የሚያነቡላት የገዛ መምህሩ አለቃ ሣህለ ማርያም ናቸው።

«ዘይዳ፣ በአንቺ እጅ ገልብጪልኝ» አለኝ። «የኔታ ይህን ካዩ ያፍሩብኛል። እናቴ እንደሆነች ፊደል አትለይም።»

ገለበጥሁለት። እንዴት ያለ ጽሕፈት ወጣ መሰላችሁ፤ ራሴም ደጋግሜ አየሁት። ጠዋት አባቴ በቅሎዎቹን ሲጭን ሁለቱንም ወረቀት ይዤ ቆምሁ። ያማረው የእኔ ነው። የተጋደመው የእሱ ነው። የተጋደመውን ሰጠሁና ያማረውን ሣጥኔ ውስጥ ደበቅሁ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት አልወዳቸውም። ወልደ ሰንበት «የኔታ በጽሕፈቴ ይገረማሉ» እያለ ሲስቅ ወሬውን እለውጣለሁ። እናቱ ባታምንስ? ልቅሶ ብትቀመጥስ? ከአባቴም ከእናቴም ምክር መጠየቅ ፈራሁ።

አባቴ የተመለሰው የጥምቀት ዋዜማ ነው። ወልደ ሰንበት ሰምቶ እየሮጠ መጣ፣ እኔ ከበሩ ጀርባ ተወሸቅሁ።

«እመት ወለተ ገብርኤል ገና ቀኑ ሳይደርስ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው አገኘኋቸው» አለ አባቴ። «ደብዳቤውን ሰጠኋቸው። አለቃ ተጠሩ። አለቃ አንብበው ሲጨርሱ ወረቀቱን ወዲህ ወዲያ አገላበጡና ‹ይህ የተማሪዬ ጽሕፈት አይመስለኝም፣ ዶሮ የጫረው ነው› አሉ። እኔም ምነው ባላመጣሁት አልሁ።»

የወልደ ሰንበት ፊት አመድ መሰለ። «ዶሮ የጫረው?» አለ።

«እመት ወለተ ገብርኤል ግን ወረቀቱን ተቀብለው በጣታቸው ዳሰሱት። ‹አለቃ፣ በፋንታ ስም የመጡት ደብዳቤዎች ጽሕፈታቸው እንዴት ነበር?› አሉ። አለቃም ‹እንደ ብራና ያማረ ነበር› አሉ። ‹እንግዲያው ይህ የልጄ ነው፤ በሚያምረው ሁለት ዓመት ተታልያለሁ› አሉና ነጠላቸውን አቃንተው ለበሱ።»

ወልደ ሰንበት ወደ በሩ ዞረና «ዘይዳ፣ ውጪ» አለኝ። ወጣሁ። ይቆጣኛል ብዬ ዓይኔን መሬት ላይ ተክያለሁ።

«ሰሌዳሽን አምጪው» አለ። «ለእናቴ ሌላ እጽፍላታለሁ።»