ሰላም የምትባለው ጓደኛዬ

ከአርባ ምንጭ የወጣሁት ገና ሳይነጋ ነው። እናቴ መናኸሪያ ድረስ ሸኝታኝ፣ የአውቶቡሱ ሞተር ከተነሳ በኋላ እንኳ በመስኮት ማንጎ ማቀበሏን አላቆመችም። ከጎኔ የተቀመጡት ሰውዬ መጀመሪያ አጉረመረሙ፤ ሶዶ ሳንደርስ ግን አራቱን በልተውልኛል። አዲስ አበባ፣ ጀሞ ባለ አንድ ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆኜ ተቀጥሬ መሄዴ ነበር።

ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል ያከራዩኝ እትዬ ጫልቱ ይባላሉ፤ ሃምሳን የተሻገሩ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸው። በር ላይ አቁመው መረመሩኝ።

«እንግዳ ይመጣብሻል?»

«እዚህ ሰው አላውቅም።»

«ዓሣ ትጠብሻለሽ?»

«የአርባ ምንጭ ልጅ ነኝ እኮ።»

«አገርሽን አልጠየቅኩሽም።»

«አልጠብስም።»

«ውሃ የሚመጣው ረቡዕና እሁድ ነው። በሌላ ቀን አትቆሽሺ።»

እናንተ እዚያ አርባ ምንጭ በሙቀት የምትማረሩ፣ የጀሞን የኅዳር ብርድ አላያችሁም። ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት ብርድ ልብስ ደርቤ፣ ካልሲዬን ሳላወልቅ አልጋ ውስጥ እውል ነበር። ጎረቤት ደረጃ ላይ ሲያገኘኝ አንገቱን ነቅነቅ አድርጎ ያልፋል፤ እኛ ጋ ቢሆን የቤተሰቡን ሁሉ ጤና ሳይጠይቁ ማለፍ እንደ ጠብ ነው የሚቆጠረው። እናቴ ደግሞ ቅዳሜን ጠብቃ ትደውልና «የት ነሽ?» ትለኛለች። አልጋ ውስጥ ነኝ ብላት ታለቅሳለች ብዬ «ከጓደኛዬ ከሰላም ጋር ካፌ ነን» አልኳት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሰላም ጋር ፒዛ በላን። ከዚያ ሰላም ፀጉሬን ሠራችኝ፣ ጉንፋን ሲይዘኝ ሾርባ አመጣችልኝ። ሰላም የምትባል ሰው እኔ አላውቅም።

አንድ ሐሙስ እናቴ ደውላ «ቅዳሜ ሰላምን አገናኚኝ፣ ላመስግናት» አለችኝ። ጨነቀኝ። ሌላ ሰው ስለሌለኝ፣ «ሰላም ነኝ» እንዲሏት እትዬ ጫልቱን ለመንኩ።

«እኔ አልዋሽም» ብለው ሽንኩርታቸውን መክተፍ ቀጠሉ። ቆየት ብለው፣ «ይቺ ሰላም የት የት ነው የምትወስድሽ?» አሉ።

«ካፌ።»

«እንግዲያው ካፌ እንሂድ። የሄድነው ውሸት አይሆንም።»

ቅዳሜ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ በሚኒባስ ተጨናንቀን ላፍቶ ሄድን። አንድ ሕንፃ ሥር ያለ ካፌ ገባን። ማኪያቶው ሲመጣ ግማሽ ብቻ የሞላውን ስኒ አጎንብሰው አዩና አስተናጋጇን «ልጄ፣ ይሄ የማን ትራፊ ነው?» አሏት። ከዚያ በመስታወቱ ወደ ውጭ አዩ።

«ይሄ ሁሉ የእኛ የሽምብራ ማሳ ነበር» አሉኝ። «አባቴ እዚህ፣ አንቺ የተቀመጥሽበት ጋ፣ በሬ ይፈታ ነበር። እኔም ኮንዶሚኒየም የገባሁ ጊዜ ሰው አላውቅም ነበር። አሁንም አላውቅም።»

ያን ጊዜ ስልኬ ጮኸ። ድምፁን ከፍ አድርጌ ሰጠኋቸው።

«ሰላም ነሽ?» አለች እናቴ።

እትዬ ጫልቱ ትንሽ አሰቡ። «አዎ፣ ሰላም ነኝ፣ እግዜር ይመስገን» አሉና፣ አልዋሸሁም በሚል ዓይን አዩኝ።

«ድምፅሽ ግን የትልቅ ሰው ነው።»

«ጀሞ ብርድ ነው።»

«ልጄ ትበላለች?»

«ትበላለች። ግን ብቻዋን ነው የምትበላው። ቅዳሜም ከአልጋዋ አትወርድም።»

እናቴ ቀስ ብላ «ለመሆኑ እርስዎ ማን ነዎት?» አለች።

«አከራይዋ ነኝ» አሉ እትዬ ጫልቱ፣ ወንበራቸውን እያመቻቹ። ማኪያቶዬ እስኪበርድ አወሩ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን እንወጣለን። እናቴ ግን አሁን የምትደውለው ወደ እሳቸው ስልክ ነው። ስለ ጉልበት ሕመም ያወራሉ፣ ስለ ሽሮ ያወራሉ፣ ስለ እኔ አለማግባት ደግሞ ከሁሉም አስረዝመው ያወራሉ። እኔ ከጎናቸው ተቀምጬ ተራዬን እጠብቃለሁ። በመጨረሻ «ይቆዩ፣ ልጅዎን ላገናኝዎት» ብለው ስልኩን ያቀብሉኛል። ጆሮዬ ላይ አድርጌ «እማዬ» እላለሁ። ካርዷ አልቋል።