በተራራው ላይ ያልነበረው ቤት

ስለ አባቴ ያለኝ ትዝታ አንድ ብቻ ነው። እርሱም ቢሆን የእኔ ስለ መሆኑ እርግጠኛ ሆኜ አላውቅም።

በትዝታው ውስጥ ከሣር የተሠራ ጠባብ ቤት አለ። ነግቷል፤ ፀሐይ ግን የለም። ቤቱ እርጥብ ሣርና የበግ ፀጉር ይሸታል። ከጀርባዬ የአባቴ ደረት ከፍ ዝቅ ይላል፤ ከፊቴ ደግሞ ከላይ ጠቦ ከታች የሰፋ በር አለ። ከበሩ ወዲያ ነጭ ጉም ነው። በጉሙ ውስጥ አንድ ረጅም ሰው ቆሞ ይጠብቀናል፤ አይናገርም፣ አይቀርብም፣ እኔም አልፈራውም። ከዚያ በፊት የሆነውንም ሆነ ከዚያ በኋላ የሆነውን አላስታውስም። የአባቴን ፊት እንኳ በዚህ ትዝታ ውስጥ አላየውም። አባቴን የሚያውቀው ጀርባዬ ነው።

አባታችን የሞተው እኔ ነፍስ ሳላውቅ ነው። ያሳደገችኝ ታላቅ እኅቴ ናት፤ ፍኖተ ሰላም ስታገባ እኔንም ይዛኝ ወረደች። ስለ አባታችን ከምታወራው ሁሉ አንድ ወሬ ትወድዳለች። በአንድ የግንቦት ወር አባታችን ለዘመድ ሠርግ ከፈረስ ቤት ከተማ በላይ ያለውን ተራራ ሲያቋርጥ እርሷን አስከትሎ ነበር፤ ዝናብ ያዛቸውና ተራራው ላይ አደሩ። ወሬው ይህ ብቻ ነው። ሆኖም ስታወራው ፊቷ ላይ የሚወጣውን ብርሃን በሌላ ጊዜ አላየሁባትም።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ለዕረፍት በመጣሁ ጊዜ፣ «እኔም ነበርሁ» አልኋት። የሣር ቤቱንም ነገርኋት።

«ምን ቤት? እዚያ ተራራ ላይ ምን ቤት አለ?»

«በር ነበረው፣ እታለም።»

«ወንድምዓለም፣ አንተ ያን ጊዜ እቤት፣ የእናታችን ጀርባ ላይ ነህ። የእኔን ወሬ ሰምተህ ሰምተህ ቤት ሠራህበት» ብላ ሳቀች። ቀጥላም ሳቋን ሰብስባ፣ «ሌላውን ሁሉ ተካፍለናል። ያችን ቀን ለእኔ ተዋት» አለችኝ።

ተውኋት። እናታችንን ልጠይቃት ስችል አልጠየቅኋትም፤ ልጠይቃት ስፈልግ ደግሞ አልነበረችም። ትምህርቱም አልጠቀመኝም። ሕፃን የሰማውን ካየው አይለይም፣ ትዝታም በተነሣ ቁጥር እንደ አዲስ ይሠራል የሚል ነገር አነበብሁና ጭራሽ አንዲቷን ንብረቴን እጠራጠር ጀመር። እኅቴ እውነቷን ከሆነ አባት አልነበረኝም ማለት ነው፤ የነበረኝ የእርሷ አባት ወሬ ነው።

መንገዱ ሰላም በነበረበት በአንድ ግንቦት፣ ካሜራዬን ይዤ ወደዚያ ተራራ ለመውጣት ቆረጥሁ። ቤት ቢፈርስ እንኳ መሠረቱ ይቀራል፤ አንድ የተደረደረ ድንጋይ ባገኝ ፎቶ አንሥቼ ለእኅቴ አሳያታለሁ ብዬ አሰብሁ።

አብሮኝ የወጣው የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ነው፤ የቡሬ ልጅ ነው፣ ከአባቱ በወረሰው ሱቅ ጨርቅ ይሸጣል። ድንኳኑም የእርሱ ነበር። ተራራ የሚወደው «ቀንስ» የሚል ሰው ስለሌለበት መሆኑን አይደብቅም።

የከተማ ሰው ጸደይ ሲባል የመስከረም ቢጫ አበባ ነው የሚታየው። በትምህርት ቤት የተማርነው ጸደይ ግን ይህ ነው፦ ከፋሲካ ወዲህ ያለው፣ ሰማዩ ገና ክረምት ልሁን አልሁን የሚልበት፣ ሠርግ የሚበዛበት ጊዜ። ከፈረስ ቤት ተነሥተን የድንቹን ማሳ አልፈን ወጣን። እርሻው አለቀና የአስታው ቁጥቋጦ ተቀበለን፤ ግንዱ ሁሉ ሽበት አብቅሏል፤ ከሽበቱ ውኃ ይንጠባጠባል። ጉሙ ከየት እንደ መጣ አላየንም። መጀመሪያ ሸለቆው ጠፋ፣ ቀጥሎ መንገዱ፣ ቀጥሎ የጓደኛዬ ጀርባ። ድምፁ ብቻ ከፊቴ ይሄድ ነበር። በጉም ውስጥ መሄድ የሰውን አእምሮ ያላላዋል፤ እርምጃዬ ወደ ላይ ይሁን ወደ ኋላ፣ ወደ ተራራው ይሁን ወደ ልጅነቴ፣ የማልለይበት ጊዜ ነበር። አንዳንዴ ጉሙ ሲከፈት ከድንጋይ ሥር ትንሽ ሰማያዊ አበባ አያለሁ፤ ካሜራዬን ሳነሣ መልሶ ይዘጋል።

ከሰዓት በኋላ የጓሳው ሣር ላይ ደረስን። እዚያ ድንኳናችንን ተከልን። እኔ እስከ ምሽት ድረስ ድንጋይ ስፈልግና ፎቶ ሳነሣ ቆየሁ። ጓደኛዬ የካሜራውን መስተዋት እያየ አንድ በአንድ አሳለፈው፤ ሁሉም ነጭ ነበር።

«እዚህ ድረስ መጥተህ አቡጀዲ ፎቶ አነሣህ? ከእኔ ሱቅ በጣቃ ሞልቶልህ!»

በዚህ ጊዜ አንዲት አሮጊት አህያ እየነዱ ብቅ አሉ። ከገበያ ተመልሰው ከጋራው ማዶ ወዳለው ልጃቸው ቤት ሊያድሩ ይሄዳሉ። ድንኳኑን አይተው ቆሙ።

«ይኼ ምንድን ነው፣ ልጆቼ? ንብ ልታጠምዱ ነው?»

«ቤታችን ነው፣ እማማ፤ ይግቡ» አላቸው ጓደኛዬ።

«ሁለት ጎረምሳ በዚች ውስጥ? ሚስት ያጣ ሰው ብዙ ያያል!»

ሳቃችን ሲያልፍ፣ ድሮ እዚህ የሣር ቤት ነበረ እንደ ሆነ ጠየቅኋቸው።

«እዚህ? ከልጅነቴ ጀምሮ በዚህ ነው የማልፈው። እዚህ ጎጆ የቀለሰ ሰው ክዳኑን ፈረስ ቤት ወርዶ ይለቅማል።»

«በሕፃንነቴ ከአባቴ ጋር አድሬበት ነበር።»

ፊቴን አዩት። ድምፃቸውም ለሰለሰ። «ሕልም ይሆናላ፣ ልጄ። የሕልም ቤት ነፋስ አይወስደውም» ብለው አህያቸውን ነዱ።

ጓደኛዬ ያን ምሽት አልቀለደም። ሻይ ቀድቶ ሰጠኝና አጠገቤ ተቀመጠ። እኔ የጠፋብኝን ነገር ስም ፈልጌ አጣሁለት፤ ኖሮኝ ያላወቅሁት ነገር ጠፋ እንዴት ይባላል?

በማግስቱ ማለዳ ድንኳኑን ነቅለን ልንጠቀልል ስንል ዝናቡ በረዶ ቀላቅሎ ወረደ። ጓደኛዬ ድንኳኑን እንዳለ በራሱ ላይ ከመረው። እኔ ካሜራዬን በሸሚዜ ሸፍኜ የምገባበት አጥቼ ስቆም፣ ከጉሙ ውስጥ፣ «ና! አንተ ባለ ካሜራ፣ ና ግባ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የትናንቷ አሮጊት ናቸው፤ ከልጃቸው ቤት እየተመለሱ ነው። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ገሳቸውን ደፍተዋል። ገሳ ከጓሳ ሣር ተጎንጉኖ ከራስ ላይ የሚደፋ የደገኛ ዝናብ መከላከያ ነው፤ ዛሬ ዛሬ ሰው ላስቲክ ስለሚለብስ፣ በሩቅ ሰው ጀርባ ላይ ካልሆነ በቀር አይቼው አላውቅም ነበር። ጎንበስ ብዬ ገባሁ፤ እግራቸው ሥር ቁጭ አልሁ።

«ላስቲክ ጠብታውን ያስቆጥርሃል፤ ገሳ ያስተኛሃል» አሉኝ። «ልጆቼን አንዱን በዚህ አንዱን በዚያ ሸጉጬ ስንቱን ዝናብ አሳልፌበታለሁ። ከባሌ ሞት ወዲህ ግን ከወንድ ጋር ስገባበት ዛሬ ገና ነው!»

«ወላሂ ለእኅትህ እነግራለሁ!» አለ ጓደኛዬ ከድንኳኑ ሥር።

መሳቄን አስታውሳለሁ። ሳቄ ሳያልቅ ግን ሽታው መጣ፤ እርጥብ ሣር። በረዶው ከላይ ይወርዳል፣ ድምፁ ግን ሩቅ ነው። ቀና ስል በሩን አየሁት። ገሳው ከፊት ተከፍሎ፣ ከላይ ጠቦ ከታች ሰፍቶ፣ ጫፉ ላይ የሣር ክር ተንጠልጥሎ ነበር። ከበሩ ወዲያ ነጭ ጉም። በጉሙ ውስጥ አንድ ረጅም ሰው።

ሰው አይደለም። ጅብራ ነው፤ ከዚህ ከፍታ በታች የማይበቅል፣ አንድ ግንድ ብቻ ያለው፣ እንደ ዘብ ቀጥ ብሎ የሚቆም ተክል። ትናንት ቀኑን ሙሉ በአጠገቡ ተመላልሻለሁ፤ ቆሜ ሳየው ተክል ነበር። የሚጠብቀው ሰው የሆነው ዝቅ ብዬ ስቀመጥ ነው።

ካሜራውን ከሸሚዜ አውጥቼ፣ ከተቀመጥሁበት ሳልነሣ፣ አንድ ጊዜ አነሣሁ። ሥዕሉ ትንሽ ደብዝዟል።

ስንወርድ መንገዱን ሁሉ ከራሴ ጋር ተሟገትሁ። በዚያ አገር ተወልዶ ገሳ ሥር ያልተቀመጠ ልጅ የለም፤ በሌላ ቀን፣ በሌላ ሰው ደረት ላይ ተደግፌ ሊሆን ይችላል። በሌላ በኩል ደግሞ፣ ከእኅቴ አፍ የሰማሁት ቢሆን ኖሮ ቤት ባልሆነብኝ ነበር። ገሳን ቤት የሚያደርገው ከውስጥ ሆኖ ያየው ሕፃን ብቻ ነው። እንግዲህ ከትዝታዬ ሁሉ የምትታመነው ስሕተቴ ሆነች። ይህንንም እንኳ እያሰብሁት ሳለ፣ የምፈልገውን መልስ እየሠራሁ እንደ ሆነ እጠራጠር ነበር።

ፎቶውን አሳትሜ ወደ እኅቴ ሄድሁ። ግቢዋ ውስጥ በርበሬ እየቀነጠሰች ነበር። አጠገቧ ተቀመጥሁና ቀጥታ ጠየቅኋት።

«እታለም፣ ያን ጊዜ ከአባታችን ጋር በምን ተጠለላችሁ?»

«በገሳው ነዋ! በምን ልንጠለል ኖሯል?»

«ነግረሽኝ አታውቂም።»

«ምኑ ይነገራል? ሰው ቤት አድሮ ሲመጣ ጣራ ነበረው ብሎ ያወራል?»

ፎቶውን ሰጠኋት። በሁለት የጣቶቿ ጫፍ ይዛ፣ መጀመሪያ አራቀችው፣ ከዚያ አቀረበችው። እኔ ስለ ሽታውም ስለ ረጅሙ ሰውም ምንም አላልሁም፤ ያችን ቀን እንድተውላት ከለመነችኝ ወዲህ ሌላ ልመና አልነበራትም። ጎረቤት ዶሮ ሲጮህ፣ ባጃጅ በአጥሩ ጀርባ ሲያልፍ፣ እርሷ ዓይኗን ከሥዕሉ አላነሣችም።

ብዙ ቆይታ ፎቶውን ጭኗ ላይ አደረገችውና በበርበሬ የቀላ ጣቷን በግራው ጠርዝ ላይ አሳረፈች።

«እኔ በዚህ በኩል ነበርሁ» አለች።

ፎቶው ዛሬ ግድግዳዬ ላይ ተሰቅሏል። በግራ በኩል ትንሽ ቀይ ምልክት አለው። ቀኙ ባዶ ነው፤ ስፋቱ ለአንድ ሕፃን ይበቃል።