እሁድ እሁድ ከፍ የሚለው እርጥበት

ከአገሬ የወጣሁት የአባቴ አርባ በወጣ ማግስት፣ ጎህ ሳይቀድ ነው። ጉራጌ አገር ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ በዚያ ሰዓት ጉሙ ሰውን ከሰው ይለያል። እናቴ ከጓሯችን የነቀለችውን የእንሰት ችግኝ በቅጠል ጠቅልላ እስከ መኪናው መንገድ ተሸከመችልኝ። «አባትህ ያፈላው ነው። ከቤትህ ጀርባ ትከለው፤ ከዚያ ወዲያ የሰው አገር አትበለው» አለችኝ። ሚስቴ ብርነሽ ልጃችንን ብርሃኑን አዝላለች። ጭነት መኪናው ላይ ችግኙን ከልጁ እኩል ስንጠብቅ ዋልን።

ነፋስ ስልክ ያኔ ከሬድዮው ምሰሶዎችና ከጥቂት ቤቶች በቀር ሜዳ ነበር። ነፋሱ የእኛን አገር አይመስልም፤ የእኛው በር ያንኳኳል፣ የዚህኛው ሳያንኳኳ ይገባል። ጎፋ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ተቀጠርኩ። ከእትዬ አስካለ አንዲት ባለቆርቆሮ የጭቃ ቤት ተከራየንና ችግኙን ከኋላው ግድግዳ ሥር ተከልኩት። አፈርና ፍግ እስከ ጉልበቴ ከመርኩለት። ያስተማረኝ መምህር የለም፤ ማንበብ የለመድኩት በዚያው ግድግዳ ላይ በዱቄት ሙጫ ከለጠፍኩት ጋዜጣ ነው። ስለዚህ ግድግዳውን እወደው ነበር።

በሦስተኛው ክረምት ጋዜጣው ማበጥ ጀመረ። ጥቁር ሻጋታ ከወለሉ ተነስቶ ፊደሎቹን እየበላ ወጣ። የክት ጫማዬ ነጭ ጸጉር አበቀለ። ቤቱ ጸጥ ሲል ወረቀቱ ከጭቃው የሚላቀቅበት ድምፅ የታመመ ሰው ትንፋሽ ይመስላል። ብርሃኑ የሚተኛው እዚያ ሥር ነው፤ ሳሉ ሳይለቀው ክረምቱ ወጣ።

እትዬ አስካለን ጠርቼ ጣሪያው ያፈሳል አልኳቸው። ቀና ብለው አዩና፣ «ቆርቆሮዬ አዲስ ነው። እናንተ በር ዘግታችሁ ሦስት ሆናችሁ ትተነፍሳላችሁ፤ ግድግዳው ምን ያድርግ?» አሉኝ።

«ትንፋሽ በኪራዩ ውስጥ የለም እንዴ፣ እትዬ?»

«ያለቅጥ ካልሆነ አለ።»

ጣሪያውን ወጥቼ መረመርኩ፤ ቀዳዳ አጣሁበት።

ጥቅምት ገብቶ ሰማዩ ጠራ፤ እርጥበቱ ግን መውጣቱን አልተወም። በየማለዳው ጫፉን በከሰል አሰምር ጀመር። በአዘቦት ቀን ባለበት ይቆማል። እሁድ ጠዋት ግን ሁለት ጣት ከፍ ብሎ አገኘዋለሁ። እያደር እንደ ሰው አንገትና ትከሻ አወጣ። ብርነሽ ፊቷን ከግድግዳው መልሳ፣ «የብርሃኑ አባት፣ አባትህ ያረፉት በምን ቀን ነበር?» አለችኝ።

ታውቀዋለች። እሁድ ነው።

«ልጁን ሊወስዱብን ነው። ካልገባህ እኔ ይዤው አገሬ እገባለሁ።»

ተቆጣሁ። ሙት ግድግዳ አይወጣም አልኳት። እውነቱን ልጻፍ፤ በዚያ ሳምንት ለግድግዳው ጀርባዬን ሰጥቼ አልተቀመጥኩም።

ቅዳሜ ከሥራ የምወጣው በግማሽ ቀን ነው። እንደ ልማዴ ሁለት ባልዲ እጣቢ ይዤ ወደ ጓሮ ስዞር እጄ ላይ ያለውን አየሁ። ቅዳሜ እንሰቱን አጠጣለሁ፤ እሁድ ግድግዳው ጠጥቶ ያድራል። ባልዲዎቹን አስቀምጬ የከመርኩትን አፈር ጫርኩ። ከሥሩ ያለው ጭቃ ጣቴን እንደ ሊጥ ዋጠው። አባቴ እንሰቱን ከቤቱ አርቆ ነበር የሚተክለው፤ እኔ ቦታ ጠበበኝ ብዬ አስጠጋሁት። ጣሪያውን፣ አከራይዋን፣ በልቤም አባቴን ስከስ የከረምኩት እኔ ነኝ። አዲስ አበባ የገባችሁ ወንድሞቼ፣ ሰው ከመክሰሳችሁ በፊት ጓሯችሁን እዩ።

አፈሩን ብቻ ላንሳ ብዬ ሞከርኩ። ሥሩ ግን ግድግዳው ውስጥ ገብቷል። እሁድን አክብሬ ሰኞ ከሥራ ቀርቼ ነቀልኩት። ቁመቱ በልጦኛል፤ ለመብል ግን ገና ሁለት ዓመት ይቀረው ነበር። ሲወድቅ ብርነሽ ነጠላዋን እንደ ለቅሶ አዘቀዘቀች። ከግድግዳው ሥር ቦይ ቆፍሬ ድንጋይ ሞላሁበት። ጋዜጣውን ልጬ፣ የበሰበሰውን ጭቃ አውጥቼ፣ በጭድ በተቦካ አዲስ ጭቃ መረግሁት። እትዬ አስካለን ይቅርታ ጠየቅኋቸው፤ «ትንፋሹንም ቀንሱ» አሉኝ። የገና በዓል ሳይደርስ ብርሃኑን ሳሉ ተወው። ብርነሽም አገር እገባለሁ ማለቷን ተወች።

ለመስቀል አገር ስገባ እናቴ ሁልጊዜ ስለ እንሰቱ ትጠይቀኛለች። ልጄን ዋሸህ ብዬ የምገርፍ ሰው፣ «ደህና ነው» እላታለሁ። ዘንድሮ በመንገደኛ ቃል ላከችብኝ። «አሁን ደርሷል። ለመስቀል ከአባትህ እንሰት የተፋቀ ቆጮ ይዘህልኝ ና» አለች።

መርካቶ ቆጮ ሞልቷል። የእናቴ ምላስ ግን የአባቴን ጓሮ ያውቃል። ምን ይዤ እንደምገባ እስካሁን አላወቅሁም። እሁድ ጠዋት ከአልጋዬ ሳልነሳ ግድግዳውን በመዳፌ እዳብሰዋለሁ። ደረቅ ነው።